አዳራሽን የሕክምና ማዕከል ለማድረግ ከአልጋ በፊት ምን ይቅደም?

ጥያቄ

ወረርሽኝ ቢነሳ የስፖርት አዳራሽን ለሕሙማን ማቆያ ለማዋል ዕቅድ እያዘጋጀን ነው። የኮሚቴው ውይይት በሙሉ በአልጋ ብዛት ላይ ማተኮሩ አሳስቦኛል። እንዲህ ያለ አዳራሽ ምን ዓይነት ሕሙማንን በደኅና ሊይዝ ይችላል?

መልስ፣ ከባዮሜዲካል መሐንዲስ

መጀመሪያ የኦክስጅኑን ሒሳብ ሥሩ። በደቂቃ 10 ሊትር የሚወስድ አንድ ታማሚ በቀን 14,400 ሊትር ይፈጃል፤ ይህም እያንዳንዳቸው 6,800 ሊትር የሚይዙ ሁለት ትልልቅ ሲሊንደሮችን ጨርሶ ሦስተኛውን ያስከፍታል። እንዲህ ያሉ 20 ሕሙማን ከተኙ በየቀኑ ከ40 በላይ ሲሊንደር የሚያመላልስ መኪና፣ ሌሊትም የሚቀይር ሰው፣ ከእሳት የራቀ ማከማቻም የግድ ነው። ኦክስጅን ከአየር የሚያጣራው ኮንሰንትሬተር ደግሞ ብዙውን ጊዜ በደቂቃ ከ5 እስከ 10 ሊትር ብቻ የሚሰጥ ከመሆኑም በላይ መብራት ሲጠፋ ይቆማል። የሆስፒታሉም መስመር ቢሆን ወሰን አለው፤ ፈሳሹን ኦክስጅን ወደ ጋዝ የሚለውጠው ክፍል ከአቅሙ በላይ ሲጫንበት በረዶ ይጋገርበትና ግፊቱ ሊወርድ ይችላል።

መልስ፣ ከጽኑ ሕሙማን ነርስ

በ2020 እ.ኤ.አ. በኮቪድ ወረርሽኝ ጊዜ በቻይናዋ ዉሃን ከተማ ስታዲየሞችና የኤግዚቢሽን አዳራሾች የተቀበሉት ሕመማቸው ቀላልና መካከለኛ የሆነውን ብቻ ነበር፤ የባሰበት ወደ ሆስፒታል ይላክ ነበር። በዚያው ዓመት በለንደን ኤግዚቢሽን አዳራሽ ውስጥ እስከ 4,000 አልጋ እንዲይዝ ታስቦ የተከፈተው ማዕከል ግን ለጽኑ ሕሙማን የታሰበ ስለነበር የነርስ እጥረት አንዱ ማነቆ ሆኖበታል። ስለዚህ ጽኑ ሕሙማንን ወደ አዳራሽ ከማውጣት ይልቅ አስቸኳይ ያልሆኑ ቀዶ ሕክምናዎችን አዘግይቶ ማገገሚያ ክፍሎቹን ለእነሱ መልቀቅ ይሻላል፤ እዚያ የኦክስጅን መስመሩም፣ የማደንዘዣ ባለሙያውም አለ።

ጠያቂው

አመሰግናለሁ። የአዳራሹ አየር ማቀዝቀዣ የውስጡን አየር መልሶ የሚያዞር ነው። ይህስ ችግር አለው?

መልስ፣ ከኢንፌክሽን መከላከል ባለሙያ

አዎ፣ አየሩን ሳያጣራ የሚያዞር ከሆነ አትጠቀሙበት። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ለአንድ ታማሚ በሰከንድ 60 ሊትር፣ የመተንፈሻ መሣሪያ (ቬንቲሌተር) እንደ መግጠም ያለ ብናኝ የሚያስነሳ ሥራ በሚሠራበት ክፍል ደግሞ 160 ሊትር ንጹሕ አየር እንዲገባ ይመክራል። ሠራተኛው መከላከያ ልብሱን የሚለብስበትንና የሚያወልቅበትን በር አሁኑኑ ለዩ፤ ብክለት በብዛት የሚያጋጥመው ሲያወልቁ ስለሆነ መውጫው ላይ ውኃ፣ ሳሙና፣ አወላለቁን የሚከታተል አንድ ባልደረባም ይኑር።