ወልዳ የተመለሰች ተጫዋች ቦታዋ ይጠበቅላት? የሴሬና ጉዳይ እንደገና

ቢጫ ኳስ
ትናንት ቡና ላይ ተጀምሮ ያላለቀ ክርክር ነው፣ እናንተው ጨርሱልኝ። አሜሪካዊቷ የቴኒስ ተጫዋች ሴሬና ዊሊያምስ እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2017 የአውስትራሊያን ኦፕን ስታሸንፍ የሁለት ወር ገደማ ነፍሰ ጡር ነበረች። አንድም ሴት አልጣለችም። የጨዋታውን ክፍል፣ ሴቱን ነው የምላችሁ፣ ሰዎቹንማ ሰባቱንም ጥላቸዋለች። ሴፕቴምበር 1 ልጇን ተገላገለች። ስትሄድ የዓለም 1ኛ ነበረች፣ ስትመለስ ከ450 በታች።

በ2018 ሮላን ጋሮስ፣ የፓሪሱ ውድድር፣ ሲድ ከለከላት። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ የለንደኑ ዊምብልደን ደረጃዋ 183 ሆኖ ሳለ 25ኛ ሲድ ሰጣት። ለማያውቅ ሰው፦ ግራንድ ስላም (አራቱ ትልልቅ ውድድሮች) ላይ 128 ተጫዋች ይገባል፣ 32ቱ ሲድ፣ ማለትም ዕጣው ላይ ቀድመው የሚለዩ ጠንካሮች ናቸው። ሲዶች እስከ ሦስተኛው ዙር እርስ በርስ አይገናኙም። እና ማን ነው ልክ? ፓሪስ ወይስ ለንደን?

የመረብ ዳኛ
ፓሪስ፣ ምን ጥያቄ አለው። ደረጃ ማለት ባለፉት 12 ወራት የሰበሰብሽው ነጥብ ነው። ስም አይቆጠርም፣ የድሮ ዋንጫም አይቆጠርም። ደግሞ ዊምብልደን ያንን ቦታ ከሰማይ አላወረደውም፣ ከሰው ላይ ነው ያነሳው። ዶሚኒካ ቺቡልኮቫ የምትባል ስሎቫኪያዊት 32ኛ ነበረች። ሴሬና ስትገባ እሷ ወጣች። ዓመቱን ሙሉ ከአውሮፕላን አውሮፕላን እየተንከራተተች ያጠራቀመችውን አንድ ኮሚቴ ተሰብስቦ ለሌላ ሰጠባት። ለእሷ ማን ይከራከር?

ሲስተር
አዋላጅ ነርስ ነኝ፣ ስለ ቴኒስ ብዙ አላውቅም። ስለ አራስ ግን አውቃለሁ። ሴሬና የወለደችው በኦፕራሲዮን ነው። በማግስቱ ትንፋሽ አጠራት። ከዚያ በፊት በ2011 ሳንባዋ ላይ ደም ረግቶባት ስለነበር ምን እንደያዛት ወዲያው ገባት። ራሷ እንደተናገረችው ሲቲ ስካንና የደም ማቅጠኛ ስጡኝ ብላ ነርሷን ስትጠይቃት፣ ነርሷ የህመም ማስታገሻው አደናግሯት ይሆናል ብላ አሰበች። መጀመሪያ እግሯን በአልትራሳውንድ አዩ፣ ምንም የለም። በኋላ ሲቲ ስካን ሲነሳ ሳንባዋ ውስጥ የረጋ ደም ተገኘ። ስታስል ደግሞ የኦፕራሲዮኑ ቁስል ተከፈተ። ስድስት ሳምንት ከአልጋ አልወረደችም። ማርያም በስንት ጭንቅ ነው የማረቻት!

በኦፕራሲዮን የወለደች ሴት በሁለተኛው ቀን ግድግዳ ይዛ ሽንት ቤት ስትሄድ አይታችኋል? እኔ በየቀኑ ነው የማየው። አንድ እጇ ግድግዳው ላይ፣ አንድ እጇ ሆዷ ላይ። ስትስቅ ትቆጣኛለች፣ «አታስቂኝ ሲስተር፣ ይቀደዳል» እያለች። እና ይሄ ሁሉ ሲሆን የሴሬና ነጥብ በየሳምንቱ ይረግፋል። ተሸንፋ እኮ አይደለም የወረደችው!

የአራት ኪሎ ልጅ
ሲስተር፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ ደራርቱስ? በ1998 ወለደች፣ በ2000 ሲድኒ ላይ 10,000 ሜትር ወርቅ ወሰደች። ጥሩነሽ በ2015 ወልዳ በሪዮ ነሐስ። ማን ቦታ ጠበቀላቸው? ሮጠው አመጡት።

ቢጫ ኳስ
አቦ፣ ደራርቱን አታስገባብን፣ እሷ ከገባች ማን ይከራከራል። ግን ሩጫና ቴኒስ አይገናኙም። ሩጫ ላይ ሰዓትህን ታመጣለህ፣ ትገባለህ፣ ከሁሉም ጋር እኩል መስመር ላይ ትቆማለህ። የአምናው ነጥብህ የመጀመሪያውን ዙር አያከብድብህም። ቴኒስ ላይ ከማን ጋር እንደምትጀምር ራሱ በደረጃህ ነው የሚወሰነው። ሴሬና ማርች 2018 ማያሚ ላይ ገና በመጀመሪያው ጨዋታ ናኦሚ ኦሳካ ደረሰቻት። ኦሳካ ያን ጊዜ ከጥቂት ቀናት በፊት የኢንዲያን ዌልስን ዋንጫ አንስታ የመጣች ናት። 6ለ3፣ 6ለ2፣ ወደ ቤት።

የመረብ ዳኛ
ቆይ፣ ኪም ክላይስተርስንስ ረሳችኋት? ቤልጂየማዊቷ በ2008 ወለደች፣ በ2009 ዩኤስ ኦፕን በግብዣ ካርድ ገባች። ደረጃ የላት፣ ሲድ የላት። በግማሽ ፍጻሜ ማንን ጣለች? ሴሬናን! ከዚያ ዋንጫውን ከነልጇ አነሳችው። ሲድ ሳይኖርም ይቻላል።

ሲስተር
አንዷ ቻለች ማለት ሁሉም ይችላል ማለት ነው? እኛ ዘንድም «እናቴ እርሻ ላይ ወልዳ በሦስተኛው ቀን ውሃ ቀዳች» የሚል ሰው አይጠፋም። ያልቻሉትን ግን ማን ያወራል፣ ወንድሜ።

የአራት ኪሎ ልጅ
እሺ ይቺን ተሸነፍኩ።

ስደተኛዋ
ሁለታችሁም የረሳችሁትን ልጨምር። ዊምብልደን 2018 ቺቡልኮቫ ያለ ሲድ ሩብ ፍጻሜ ደረሰች። ሴሬና ፍጻሜ ደርሳ በአንጀሊክ ከርበር ተሸነፈች። ስለዚህ 25ኛ ሲድ የበዛባት አይመስለኝም።

የመረብ ዳኛ
ሩብ ፍጻሜ መድረሷ አልተበደለችም ማለት አይደለም። ኪስህ ውስጥ የገባ ሌባ ባዶ ኪስ ቢያገኝም ሌባ ነው።

ስደተኛዋ
😂 ይሁን። እኔ ግን ስለ ሴሬና አይደለም የማስበው። እሷ ሀብታም ናት፣ ሞግዚትም አሠልጣኝም አላት። 150ኛ ላይ ያለችውስ? ሳትጫወት ገንዘብ የለም። እኔ ወልጄ ወደ ሥራ ስመለስ ወንበሬ ላይ ሌላ ሰው ተቀምጦ ነው ያገኘሁት። «አንቺ ለጊዜው እዚያ ጥግ ሁኚ» ተባልኩ። ያ ጊዜያዊ ጥግ አንድ ዓመት ከአምስት ወር ፈጀ። የሴቶች ቴኒስ ማኅበሩ በ2025 ወላድ ለሆኑ ተጫዋቾች እስከ 12 ወር የሚከፈል ፈቃድ ጀምሯል። ገንዘቡ ከሳዑዲ ፈንድ ነው፣ እሱ ራሱን የቻለ ሌላ ክርክር ነው፣ አሁን አትክፈቱት።

የመረብ ዳኛ
ክፍያውን ማን ተቃወመ? ይከፈላት። ውድድርም ትግባ፣ በሩ አይዘጋባት። እኔ የምቃወመው የሌላዋን ሲድ መውሰድ ብቻ ነው። ደግሞ መፍትሄው ተገኝቷል እኮ። ከ2019 ጀምሮ ሕጉ ተቀየረ። ወልዳ የተመለሰች ተጫዋች የድሮ ደረጃዋን ይዛ እስከ ሦስት ዓመት ድረስ በ12 ውድድሮች መግባት ትችላለች። ሲድ አይሰጣትም፣ ግን የድሮ ደረጃዋ ለሲድ የሚያበቃት ከሆነ በመጀመሪያው ጨዋታ ከሲድ ጋር አትገናኝም። የማንም ቦታ አልተነካም። አለቀ።

ቢጫ ኳስ
አላለቀም። እስቲ ያንን ሕግ ወደ ፓሪስ 2018 ውሰደው። ሴሬና መጀመሪያ ያገኘችው ክርስቲና ፕሊሽኮቫን ነው፣ ሲድ አልነበረችም። አሸነፈች። በሁለተኛው ዙር 17ኛዋን ሲድ አሽሊ ባርቲን አገኘች፣ አንድ ሴት ተመርታ ነው የገለበጠችው። በሦስተኛው 11ኛዋን ዩሊያ ጎርገስን። ከዚያ ከሻራፖቫ ጋር ልትገናኝ ስትል የደረት ጡንቻዋ ተጎድቶ ወጣች። እንግዲህ የአንተ «መፍትሄ» በዚያን ጊዜ ቢኖር ኖሮ ምን ይቀይርላት ነበር?

የመረብ ዳኛ
…

የአራት ኪሎ ልጅ
ዳኛው መረብ ላይ ቀረ 😂

የመረብ ዳኛ
እሺ፣ ምንም አይቀይርም ነበር። ይሄን አላሰብኩትም። ሁለተኛው ዙርም ይጨመርላት እንበል፣ እሱን እቀበላለሁ። ቺቡልኮቫን ግን አሁንም አልሰጥም።

ሲስተር
ማታ ተረኛ ነኝ፣ ልሂድ። ጠዋት ስመለስ አንብቤ እመልስልሃለሁ።