ካሴቱ መሃል ላይ ይያዛል፤ ቀፎውን እንዴት እንክፈተው?

ሰላም ለሁላችሁ። የደሴን ታሪክ ከአዛውንት አንደበት እየሰበሰብን ነው። ጣሊያን ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. ከተማዋን ከአየር ስለደበደበበት ቀን የተቀዳ ባለ 90 ደቂቃ ካሴት ወደ ኮምፒውተር እየገለበጥን፣ ሀ ገጽ ደህና አለቀ። ለ ገጽ ግን መሃል ሲደርስ ይንጫጫል፣ ድምፁ ይጎተታል፣ ከዚያ ክሩ ጎማው ላይ ይጠመጠማል። የቴፑን ራስና ጎማውን በአልኮል ጠርገናል፤ ሌላ ካሴት ያለችግር ያጫውታል። በእስክሪብቶ ወዲያና ወዲህ ማጠንጠኑ ለጊዜው አላልቶት ነበር፣ አልዘለቀም።

ክሩን ወደ ሌላ ቀፎ ማዛወር ይሻላል ብለናል። ችግሩ ቀፎው ብሎን የለውም፣ ዙሪያውን የተጣበቀ ነው። የባለ 90 ክር ደግሞ ከባለ 60ው ስለሚቀጥን ቶሎ ይለጠጣል፤ ሌላ ቅጂም የለም። ክሩን ሳንነካ በየት በኩል እንሰንጥቀው? ደሴ ወይም ኮምቦልቻ እጁ የተካነ ቴፕ ጠጋኝ ካለ ጠቁሙን።