አሮጌ ባለ ሁለት ድንጋይ ግራይንደር ያጓራል እንጂ አይነሳም፣ ምን ላርገው?

መንዜው (ጠያቂ)፦
ሰላም ናችሁ ባለሙያዎች፣ ያለሁት መሀል ሜዳ ነው። አጎቴ ብረት ይሰራበት የነበረውን ቤት ተረክቤ እያጸዳሁ ነው፣ እዛ ውስጥ ጠረጴዛ ላይ በብሎን የታሰረ ባለ ሁለት ድንጋይ ግራይንደር አለ፣ የድሮው ከባድ አይነት፣ ምን ያህል ጊዜ እንደቆመ የሚያውቅ የለም። ስሰካው እምምም ብሎ ያጓራል፣ አይዞርም። ድንጋዩን በእንጨት ገፋ ሳደርገው ግን ቀስ እያለ ይነሳል፣ የሚገርመው ደሞ ወደየትም ብገፋው ወደዛው ነው የሚሄደው። ሌላው የግራውን ድንጋይ ልፈታ ብዬ ዳዶው እምቢ አለኝ፣ ቁልፉ ላይ ቱቦ ጨምሬ ብጎትትም ፍንክች የለም። ለገና ቢላና መጥረቢያ የሚያስል ሰው ስለሚበዛ ከዛ በፊት ላስነሳው ነበር። ዲናሞው ተቃጥሎ ነው? ላስጠቅልለው ወይስ አዲስ ልግዛ?

ሸዋ ሮቢት ብየዳ፦
ወንድሜ ተው እንዳትሰብረው!! የግራው ዳዶ ጥርሱ ግልብጥ ነው፣ ሌላውን ዳዶ እንደምታጠብቅበት ወደ ቀኝ ስታዞረው ነው የሚፈታው። የቀኙ እንደማንኛውም ዳዶ ነው። በዛ ቱቦ ስታጠብቀው ነው የከረምከው 😂 አሁን ጥርሱ ላይ ትንሽ ናፍጣ ጠብ አርግበትና ይደር፣ ጠዋት የቀኙን ዳዶ በአንድ ቁልፍ ያዝ፣ የግራውን ቁልፍ በመዶሻ መታ መታ። ድንጋዩን በፌሮ ጠምደህ ለመያዝ እንዳትሞክር፣ ይሰነጠቃል።

ጠቅላዩ (ደብረ ብርሃን)፦
ዲናሞ መጠቅለል ነው ስራዬ። ሲገፋ የሚነሳ ከሆነ ጥቅልሉ ሳይተርፍ አልቀረም፣ የሞተው ኮንደንሰሩ ነው፣ ቻርጅ ይዞ ዲናሞውን የሚያስነሳው እቃ። ሲንግል ፌዝ፣ ማለት ተራው የቤት መብራት፣ ብቻውን ለዲናሞ መነሻ ጉልበት አይሰጠውም፣ ወደ ገፋኸው የሚሄደውም ለዛ ነው። ግን በናትህ እያጓራ አታቆየው፣ ቆሞ የሚያጓራ ዲናሞ ሲሰራ ከሚወስደው አምፔር ብዙ እጥፍ ነው የሚጎትተው፣ ሽታው ሳይቆይ ይመጣል፣ ያኔ በቃ ለኔ ስራ ሆነ ማለት ነው። ከሶኬት ንቀለውና ክዳኑን ክፈት፣ ታርጋው ላይ ያለውን ቁጥርና ስንት ችካል (የሽቦ ማሰሪያ ብሎን) እንዳለው ጻፍልኝ። ኮንደንሰሩን በእጅ ከመንካትህ በፊት ሁለቱን ጫፍ አምፖል በገባበት ሽቦ አገናኝ፣ ቻርጁን ይጨርሰው።

የጅሩ ልጅ፦
እኔ ጋ የነበረው እንደዚሁ ሲያጓራ ችግሩ ውስጡ ያለው ሲዞር ጠቅ የሚለው ስዊች ነበር፣ ዝጎ ተጣብቆ። በብርጭቆ ወረቀት ሲጠረግ ተነሳ። ኮንደንሰር ከመግዛትህ በፊት እሱን እየው።

መንዜው፦
ዳዶው ተፈታ!! ወደ ቀኝ ነው ለካ፣ ሸዋ ሮቢት እግዜር ይስጥህ። ታርጋውን በናፍጣ ጠረግኩት፣ 220/380 ቮልት፣ 0.75 ኪሎዋት፣ 2850 ዙር ይላል። ስድስት የነሐስ ችካል አለው፣ ሁለት ሁለቱን የሚያገናኙ ሶስት ጠፍጣፋ መዳቦች አሉበት። ኮንደንሰሩ ከውጪ በሽቦ የታሰረ ነው፣ 50 ማይክሮፋራድ ተጽፎበታል፣ ሆዱ አብጧል፣ በጎረቤት ቴስተር ሲለካ 9 አለ። ጅሩ ያልከውን ስዊች ፈልጌ አጣሁት።

ጠቅላዩ፦
አይኖርማ። የሱ ማሽን ከፋብሪካው ሲንግል ፌዝ የሆነ ነው፣ ያንተ ስሪ ፌዝ ነው፣ በሶስት መስመር መብራት እንዲሰራ የተሰራ። አጎትህ ወይ ያሰራበት ሰው በኮንደንሰር ወደ ሲንግል ቀይሮታል፣ አሰራሩም ልክ ነው፣ 220/380 የሚል ታርጋ በ220 ሲሰራ ዴልታ (ሶስቱ ጥቅልል ጫፍ ለጫፍ ተያይዘው እንደ ሶስት ማዕዘን) ነው የሚታሰረው፣ ሶስቱ መዳብ ጎን ለጎን ቆመው ማየትህ እሱ ነው። ኮንደንሰሩ በኪሎዋት 70 ማይክሮፋራድ ገደማ ይታሰባል፣ በ0.75 ስታባዛው 50 አካባቢ ይመጣል። ስለዚ 50 ግዛ፣ ቮልቱ ከ400 አይነስ፣ እና ሁሌም ገብቶ የሚሰራውን አይነት በል፣ ለማስነሻ ብቻ የሚሆነውን ጥቁሩን ከሰጡህ እዛው ላይ ይፈነዳብሃል። ጉልበቱ ከሙሉው ሲሶ ያህል ይቀንሳል፣ ቢላ ለመሳል ግን ይተርፋል።
አንድ ነገር ልብ በል፣ አቅጣጫው። ድንጋዩ ከላይ ወደ አንተ መጥቶ ወደ ታች ነው መሄድ ያለበት። ተገልብጦ ከዞረ ሁለቱም ዳዶ በራሱ ይፈታል፣ ድንጋዩ ወጥቶ ይበራል። ስለዚ መጀመሪያ ድንጋይ ሳታስር ባዶውን አስነሳው። ከተገለበጠ ኮንደንሰሩ ከመብራቱ ሽቦ ጋ የተገናኘበትን ጫፍ ከአንዱ መስመር ነቅለህ ወደ ሌላው መስመር ማዞር ነው፣ ሌላ ነገር አትነካካ።

ተርነሯ፦
እኔ ደሞ ስለ ኩሽኔታው ላውራ። ይሄን ያህል የቆመ ማሽን ግራሶው ደርቆ ሙጫ ሆኗል፣ ዘንጉን በእጅህ አዙረው፣ ኮረኮረኝ ካለ ሁለቱንም ቀይር፣ አንዱን ብቻ አይባልም። ቁጥሩ ጠርዙ ላይ ተቀርጿል፣ ዘንጉ 20 ሚሊ ከሆነ 6204 ሊሆን ይችላል ግን ቁጥሩን አንብበህ ግዛ እንጂ በግምት አይሆንም። አቧራ ያለበት ስራ ስለሆነ ሁለት ጎኑ በጎማ የተሸፈነውን ውሰድ። ስታስገባው ውስጠኛውን ቀለበት በቱቦ ነው የምትመታው፣ ውጪውን ከመታህ ኳሶቹ ይጎዳሉ፣ አዲስ እያለ ይጮህብሃል። ደሞ መንዝ ጉሙና ብርዱ አይቻልም፣ ጥቅልሉ እርጥበት ስቦ ይሆናል፣ ዲናሞው ተፈቶ እያለ ባለ 100 ዋት የድሮውን አምፖል አጠገቡ አብርተህ በካርቶን ክደነው፣ ካርቶኑ አምፖሉን ሳይነካ፣ እያየኸው ይዋል። ከዛ ባለሙያ በሜገር፣ ጥቅልሉ ወደ አካሉ መብራት ማፍሰሱን በሚያሳየው መለኪያ፣ ይለካልህ፣ ከ1 ሜጋ ኦም በታች ካለ አትሰካው። የአርዝ ሽቦውንም አካሉ ላይ እሰረው፣ በአሮጌ ማሽን ብዙ ጊዜ ተቆርጦ ነው የሚገኘው።

መንዜው፦
እቴ አመሰግናለሁ፣ እርጥበቱን ፈጽሞ አላሰብኩትም። ድንጋዮቹስ? ጤነኛ ይመስላሉ።

ሸዋ ሮቢት ብየዳ፦
መምሰል አይሰራም። ድንጋዩን በጣትህ ቀዳዳው ላይ አንጠልጥለህ በካቻቢቴ የእንጨት እጀታ ጎን ጎኑን መታ አርገው፣ እንደ ደወል ጥርት ብሎ ከጮኸ ደህና ነው፣ ዱብ ብሎ ከቀረ ተሰንጥቋል፣ ጣለው። ናፍጣ የጠጣም ከሆነ ጣለው። 200 ሚሊ ድንጋይ በ2850 ዙር ጠርዙ በሰከንድ 30 ሜትር ያህል ይሮጣል፣ ቁራጩ ፊት ላይ ሲያርፍ አስበው። አዲስ ስትገዛ የተጻፈበት ዙር ከ2850 በላይ መሆኑን እይ፣ ጎኑ ላይ ያለውን ክብ ወረቀት እንዳትቀደው፣ ዳዶው እኩል እንዲጫን ነው የተደረገው። መደገፊያውን ከድንጋዩ 3 ሚሊ ብቻ አርቀው፣ ከዛ ከሰፋ ቢላው ገብቶ ይጠመዳል። ስታስነሳው ፊት ለፊት አትቁም፣ መነጽር ደሞ ግድ ነው። አሉሚኒየም የሚያስል ሰው ከመጣ መልሰው፣ ድንጋዩን ይደፍነዋል።

መንዜው፦
ኮንደንሰሩንና ኩሽኔታውን ከደብረ ብርሃን አስመጣሁ፣ ደርቆ ተለክቶ ዛሬ ገጠምኩት። ባዶውን ሳስነሳው ጠቅላዩ እንዳለው ተገልብጦ ዞረ፣ ያንን ጫፍ ሳዞረው ተስተካከለ። አሁን ሁለት አዲስ ድንጋይ አስሬ ይሰራል፣ የቀኙ ግን ጠረጴዛውን ያንቀጠቅጠዋል። ኩሽኔታው ይሆን?

ተርነሯ፦
የግራውን ብቻ አስረህ ዝም ካለ ኩሽኔታው አይደለም፣ ድንጋዩ ነው። ዳዶውን ላላ አርገህ ድንጋዩን ሩብ ዙር አዙረህ መልሰህ እሰር፣ እየቀያየርክ የሚቀንስበትን ፈልግ። ከዛ በድንጋይ ማረሚያው፣ ባለ ኮከቡ ጥርስ፣ መደገፊያው ላይ አስደግፈህ ፊቱን በስሱ ግራና ቀኝ ውሰደው፣ ክብ እስኪሆን። አቧራው ብዙ ነው አፍህን ሸፍን።