«ሁለገብ» ይበቃዋል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ስለ ባንግላዴሹ ደራሲ ስለ ሰይድ ሻምሱል ሐቅ አጭር ጽሑፍ እየተረጎምኩ ነው። አገሩ ላይ «ሾቦሻቺ ሌኾክ» ይሉታል። ሌኾክ ጸሐፊ ነው። የፊተኛውን «ሁለገብ» ብዬ አለፍኩት፤ ግን ቅር አለኝ።

መልስ፦ ቅር ቢልህ አይፈረድብህም። እኔ ሁለገብ ሲባል የሚታየኝ አዳራሽ ነው፤ ጠዋት ስብሰባ፣ ማታ ሠርግ።

ሾቦሻቺ የመጣው ከጥንቱ የሕንድ ቋንቋ ከሳንስክሪት ነው፤ መነሻው ላይ ያለው «ሳብያ» ማለት ግራ። በማሃባራታ፣ በሕንዶቹ ጥንታዊ የጀግና ግጥም፣ የቀስተኛው የአርጁና ቅጽል ነው። ደጋኑን ሲስብ ግራውም እንደ ቀኙ ሆኖ ሁለቱም እጆቹ ቀኝ ስለሆኑ ነው እንዲህ የተባለው። ሁለገብ ሁሉ ቦታ ይገባል፤ ይሄኛው ግን በየትኛውም እጁ ቢወረውር አይስትም። ልዩነቱ ትልቅ ነው።

ሰውየው ደግሞ ለስሙ ይመጥናል። እ.ኤ.አ. በ1935 ኩሪግራም ተወልዶ በ2016 ዳካ አረፈ። ግጥም፣ ልብወለድ፣ ተውኔት፣ የፊልም ዘፈን፣ የሼክስፒር ትርጉም፣ ምኑ ቅጡ! እኔን የሚገርመኝ «ፓዬር አዋጅ ፓዋ ጃይ» የሚለው ተውኔቱ ነው። ባንግላዴሽ ከፓኪስታን ስለተላቀቀችበት ስለ 1971ዱ የነጻነት ጦርነት ነው፤ በግጥም፣ ያውም በሰሜኑ ገጠር አነጋገር። ከፓኪስታን ጦር ጋር ያበረ የመንደር ሹም አለ፤ ሕዝቡ ፊቱ ተሰብስቦ ያፋጥጠዋል፤ ታጋዮቹ እየቀረቡ ነው። አደራ፣ «አዋጅ»ን እንደኛው አዋጅ እንዳትተረጉመው! የነሱ ከፋርስ የመጣ ነው፤ ድምፅ ማለት ነው። ርዕሱን «ኮቴ ይሰማል» ብትለው ቁጭ ይላል።

ሌላ መልስ፦ «ግራ ቀኝ ጸሐፊ» ብንለውስ?

መልስ፦ ኧረ ተው! ግራ ቀኝ የችሎት ነው፤ ተከራካሪዎቹ ናቸው። «ግራኝ» እንዳንል ደግሞ አንባቢ ወዲያው ወደ ኢማም አሕመድ ይሄዳል። ደግሞ በእኛ ቋንቋ ግራ መከራዋ ብዙ ነው፦ ግራ ገባኝ፣ ግራ ተጋባሁ። ጸሎታችንም «ቀኝ አውለኝ» ነው። ስለዚህ እንደ አርጁና ሁለቱንም ቀኝ እናድርጋቸው፤ «ባለ ሁለት ቀኝ ደራሲ»።

ጠያቂው፦ ወደድኩት። «ባለ ሁለት ቀኝ እጅ» ብዬ ለአንድ ጓደኛዬ ባነብለት ግን «የማን ቀኝ እጅ ነው?» አለኝ። የባለሥልጣን ታማኝ መስሎት። «እጅ»ን አወጣኋት። ኮቴዋንም ወስጃለሁ፤ እግዜር ይስጥልኝ።