ክርክር፦ ሹሩባ ያልተሰራች ተማሪ ከበር ትመለስ ወይ?

የደሴዋ እናት፦
አሰላሙ አለይኩም፣ ሰላም ናችሁ የወሎ ልጆች። አንድ ነገር ላንሳና እንከራከርበት። ልጄ ስድስተኛ ክፍል ናት፣ ፀጉሯ ከተፈጥሮው ጥቅልል ያለ ወፍራም ከርሊ ነው። ሰኞ ጠዋት ታጥባ፣ ተቀብታ፣ ወደኋላ በላስቲክ ተይዛ ሄደች፣ ከበር መለሷት። ደንቡ "ሴት ተማሪ ወይ ሹሩባ ትሰራለች ወይ ፀጉሯን አስተኝታ ትመጣለች፣ የተፈታ ፀጉር አይገባም" ነው የሚለው። ፀጉሯ ሉጫ የሆነ ጓደኛዋ እኮ እንደሷው በላስቲክ አስይዛ ገብታለች! የኔዋ ከላስቲኩ ወዲያ ጎፈር ስለሚል ብቻ "የተፈታ" ተባለ። የትምህርት ቤቱን ስም አልጠራም፣ ጉዳዬ ከደንቡ ጋር ነው። እኔ የምለው ንፅህናን ጠይቁ፣ ይያዝ በሉ፣ አላህ የሰጣትን ፀጉር ግን እንደ ጥፋት አትቁጠሩባት። ልጅቷ ማታ መጥታ "እማ ሪላክሰር ቀቢኝና ልረፍ" አለችኝ፣ ፀጉር የሚያስተኛውን ኬሚካል ማለቷ ነው፣ የቆጨኝ እሱ ነው። እናንተስ ምን ትላላችሁ?

መምህር ከኮምቦልቻ፦
እህቴ ልጅሽ ከበር መመለሷ አሳዝኖኛል፣ ቢያንስ ለዛን ቀን አስገብተው ለወላጅ ደብዳቤ መፃፍ ይችሉ ነበር። ደንቡን ግን እደግፈዋለሁ፣ እኛም ጋ አለ። አንድ ዴስክ ላይ ሦስት ሆነው ጭንቅላት ለጭንቅላት ተጋጥመው ነው የሚፅፉት፣ አንዷ ቅማል ካላት ሁለቱ አይተርፉም፣ ቆረቆሩም እንደዛው። ከኋላ የተቀመጠው ልጅ ደግሞ ሰሌዳ አይታየኝም ይላል። በዛ ላይ ዛሬ የተፈታ ብንፈቅድ ነገ ሂውማን ሄር፣ ከነገ ወዲያ ቀለም ይመጣል፣ የሌላት ልጅ ያላትን እያየች ትሳቀቃለች። ዩኒፎርም ያለበስናቸው እኮ ለዚህ ነው።

የደሴዋ እናት፦
መምህር አክብሬዎት ነው፣ ግን እኩልነት ካሉ ሹሩባ በነፃ አይሰራም። በየሁለት ሳምንቱ ለሁለት ሴት ልጅ ሹሩባ የምታሰራ እናት ስንት እንደምታወጣ ያስቡት፣ ራሷ መስራት የማትችል ከሆነ ማለቴ ነው። እና አስተኝታ ትምጣ ሲባል በምን ታስተኛዋለች? በፒያስትራ ወይ በኬሚካል ነው እኮ፣ ሌላ መንገድ የለም።

ነርስ ከወልድያ፦
ስለ ቅማልና ቆረቆር የተነሳውን ላጥራው። ቅማል አይዘልም አይበርም፣ ፀጉር ከፀጉር ሲነካካ ነው የሚሻገረው፣ የታጠበ ያልታጠበ ብሎም አይመርጥም። ሹሩባ ንክኪውን ይቀንሳል፣ እዛ ላይ መምህር ልክ ናቸው። ግን ሳምንታት የቆየ ሹሩባ ውስጥ ቅጫም ቢኖር አይታይም፣ ማበጠርም አይቻልም፣ ከርሊዋ ግን በየሳምንቱ እየታጠበችና እየተበጠረች ከሆነ እናትየው ቶሎ ነው የምታገኘው። ቆረቆር ደግሞ ፈንገስ ነው፣ በማበጠሪያ፣ በመላጫ፣ በሻሽና በኮፍያ መዋዋስ ይተላለፋል፣ የሚቀባ ብቻውን አያድነውም፣ ለሳምንታት የሚዋጥ መድኃኒት ይፈልጋል። ስለዚህ የተመለጠ ቦታ ያላትን ልጅ ጤና ጣቢያ ውሰዷት እንጂ ሹሩባ ሰርታችሁ አትሸፍኑት።
ሌላው በጣም የሚያሳስበኝ ተጠብቆ የሚሰራው ሹሩባ ነው። ግንባሯና ጆሮ ግንዷ ጋ ፀጉሯ የሳሳ ልጅ አይታችሁ ታውቁ የለ? ፀጉሩ ሁሌ ስለሚሳብ ነው። በጊዜ ከተተወ ይመለሳል፣ ለዓመታት ከቀጠለ ግን ሥሩ ጠባሳ ይሆንና በቃ አይበቅልም። ተሰርታ የመጣች ማታ ራሴን አመመኝ ብላ ካልተኛች፣ ወይ መስመሩ ላይ ትናንሽ ብጉር ካወጣች ጠብቋል ማለት ነው፣ ፍቱት።

የፒያሳዋ ፀጉር ሰሪ፦
እኔ የማየውን ልንገራችሁ። መስከረም ሲጠባ እናቶች ሰባት ስምንት ዓመት ልጅ ይዘው ይመጣሉ፣ "ሪላክሰር አድርጊላት፣ ጠዋት ጠዋት ከፀጉሯ ጋ መታገል ሰልችቶኛል፣ ትምህርት ቤትም አያስገቧትም" ይላሉ። እኔ ለልጅ አልሰራም፣ ግን እኔ ባልሰራ ሌላዋ ትሰራለች። ግንባሯ ዳር ቫዝሊን ይቀባል፣ ክሬሙ ይደረጋል፣ ትንሽ ቆይቶ ልጅቷ አቃጠለኝ ትላለች፣ "ቻዪው ቆንጆ ትሆኛለሽ" ይሏታል፣ ታጥባ ስትነሳ ጆሮዋ ጀርባ ተልጦ ታያላችሁ። ክሬሙ ውስጥ ያለው አልካሊ ነው፣ አንዳንዱ ላይ ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ነው የሚገባው፣ የፒኤች መጠኑ (የአሲድና የአልካሊ መለኪያው) ከ12 በላይ ይሄዳል፣ ፀጉሩን ጥቅልል አድርጎ የያዘውን ትስስር ነው የሚበጥሰው፣ የተበጠሰው ደግሞ አይመለስም። ከሥር የሚበቅለው በወር 1 ሴንቲሜትር አካባቢ ነው፣ እሱም ጥቅልሉን ይዞ ስለሚመጣ እንደገና ቀቢኝ ይመጣል። ማለቂያ የለውም። ቤቴን የማስተዳድረው በዚሁ ሥራ ነው፣ ግን ለልጅ ሲሆን አላምንበትም።

ነርስ ከወልድያ፦
እህቴ ልክ ነሽ። ለአዋቂዎችም ቢሆን እ.ኤ.አ. በ2022 አሜሪካ ውስጥ የወጣ ጥናት አለ፣ 33,497 ሴቶችን ወደ 11 ዓመት ገደማ ተከታትለው ነው። የፀጉር ማስተኛ ኬሚካል ባልተጠቀሙት ላይ እስከ 70 ዓመት ዕድሜ የማህፀን ካንሰር የመያዝ ዕድል 1.64 ፐርሰንት፣ በዓመት ከአራት ጊዜ በላይ በተጠቀሙት ላይ 4.05 ፐርሰንት ሆኖ ተገምቷል። ይሄ ዝምድናውን ነው የሚያሳየው፣ ኬሚካሉ ራሱ አመጣው ብሎ አይፈርድም፣ አትደናገጡ። ግን ለትምህርት ቤት በር ተብሎ በሰባት ዓመቷ የምትጀመር ልጅ ስንት ዓመት ልትቀባው እንደሆነ አስቡት።

እማማ ከሐይቅ፦
ልጆቼ እኛ ጊዜ ይሄ ሁሉ የለም። ለጋ ቅቤ ከአደስ ጋ ተለውሶ አናት ላይ ጣል ይደረጋል፣ ፀሐይ ላይ ቁጭ ትያለሽ፣ ወደ ሥሩ ይወርዳል፣ በነጋታው በሞቀ ውሃ ትታጠቢያለሽ፣ ፀጉር እስከ ወገብ ነበር። ሹሩባም ቢሆን ውበት ነው፣ ምኑ ይጠላል? ለልጅቷ ቅቤ ቀቡና ሥሩላት፣ ክርክሩ ምንድነው።

የባቲዋ፦
እማማ ዕድሜ ይስጥዎ፣ ደሴና ሐይቅ ብርድ ነው ቅቤው ይቆያል፣ እኛ ባቲ ግን ጠዋት የተቀባሽው ረፋድ ላይ አንገትሽ ጋ ደርሷል ወላሂ፣ አቧራው ይለጠፍበታል፣ ልጁ ክፍል ውስጥ ሸተትክ እየተባለ ይሰደባል። ሰኞ ገበያ የሚመጡት አፋሮች ፀጉራቸውን በቅቤ አሳምረው ሲመጡ ግን ማንም የማይነካው ግርማ አላቸው፣ ጥቅልሉ አንድ ባንድ ነው የሚታየው።

የፒያሳዋ ፀጉር ሰሪ፦
እማማ እውነትዎን ነው፣ ቅቤ የማይጠቅም ቢሆን ይሄን ያህል ዘመን አይቆይም ነበር። ጥቅልል ፀጉር የሚደርቀው ከራስ ቅል የሚወጣው ወዝ በጥምዝምዙ ወርዶ ጫፍ ስለማይደርስ ነው፣ ቅቤው ያንን ይተካል፣ እርጥበቱንም ይዞ ያቆያል። ግን ደረቅ ፀጉር ላይ ከተደረገ ድርቀቱን ነው የሚያሽገው፣ መጀመሪያ ውሃ ይቅደም። ሳይታጠብ ሲሰነብት ደግሞ ይሻግታል።

የቆቦ ልጅ፦
የወንዱን ነገር ማንም አላነሳውም። ራያ ጎፈሬ ያደገ፣ ቅቤ የተቀባ፣ ሚዶ የተሰካበት ጎረምሳ ባህላችን ነው፣ ሰርግ ላይ ታጨበጭቡለታላችሁ፣ ሰኞ ትምህርት ቤት ሲመጣ "ተላጭተህ ና"። አፄ ቴዎድሮስ እንኳ ሹሩባ ነበራቸው። የሴቶቹ ሲስተካከል የኛም ይታይ።

የደሴዋ እናት፦
ይታያል ወንድሜ፣ አንድ ላይ ነው የምናነሳው።

መምህር ከኮምቦልቻ፦
በኬሚካሉ አሳምናችሁኛል፣ ለልጅ መከልከል አለበት። ግን አንድ ጥያቄ አለኝ፣ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ፣ እናት ጠዋት ሥራ በምትሮጥበት ቤት፣ ይሄን ፀጉር በየቀኑ ማን ይንከባከበዋል? ሹሩባ እኮ የድሃ እናት እረፍት ነው፣ አንዴ ተሰርቶ ሁለት ሳምንት ይቆያል።

የደሴዋ እናት፦
ጥሩ ጥያቄ ነው መምህር። በየቀኑ አይታጠብም እኮ፣ በየቀኑ ሲታጠብ እንደውም ይደርቃል። ቅዳሜ ከሰዓት አንዴ ነው። ለአራት እከፍለዋለሁ፣ ሻምፖው ራስ ቅሏ ላይ ብቻ፣ ከዛ ኮንዲሽነር በደንብ። ኮንዲሽነሩ ሳይለቀቅ፣ ፀጉሩ እንደራሰ፣ ጥርሱ ሰፋ ባለ ማበጠሪያ ከጫፍ ጀምሬ ወደ ሥር እወጣለሁ። አብዛኛው እናት ከላይ ጀምራ በደረቁ ትጎትተዋለች፣ ልጅ የምታለቅሰውም ፀጉሩ የሚበጣጠሰውም እዛ ጋ ነው። አንድ ጆግ ውሃ ይበቃል፣ አራቱን ባንዴ ሳትፈቺ አንድ በአንድ ካጠብሽ።
ጄሉን ከተልባ ነው የምሰራው። ሩብ ኩባያ ያልተፈጨ ተልባ በሁለት ኩባያ ውሃ እጥዳለሁ፣ እንዳያርር እያማሰልኩ፣ ውሃው እንደ እንቁላል ነጩ ሲዝለገለግ አወርድና ሳይበርድ በስስ ስቶኪንግ አጠልለዋለሁ፣ ከበረደ ግን አያልፍም፣ ይያዛል። ፍሪጅ ካለ አንድ ሳምንት ይቆያል፣ ከሌለ በጥቂቱ እየሰሩ መጠቀም ነው። እርጥብ ፀጉሯ ላይ ጭምቅ ጭምቅ አድርጌ እቀባና ላላ ያለ ትዊስት አደርግላታለሁ፣ ሁለት ሁለቱን እየጠመዘዝኩ ማለት ነው። ማታ በሳቲን ሻሽ ትተኛለች፣ የጥጥ ትራስ ወዙን ይመጥባታል። ጠዋት ትዊስቱን መፍታት፣ እጅን ውሃ ነክሮ ዳበስ፣ ማስያዝ፣ አለቀ፣ ቁርሷን በልታ ሳትጨርስ ያልቃል። ሹሩባ የፈለገችም ትሰራ፣ የኔም ለሰርግ ትሰራለች፣ ግን ግዴታ አይሁን ነው የምለው።

ሂጃቢስቷ ከኮምቦልቻ፦
ሹክረን እህቴ፣ እኔ ሂጃብ ስለማደርግ ፀጉሬን ማንም አያይም ብዬ ነበር ዝም ያልኩት። ለኛም ግን ይጠቅማል፣ ጠዋት እርጥቡን ሸፍነን ስንወጣ ቀኑን ሙሉ ታፍኖ ይሸታል፣ ራስ ቅልም ያሳክካል። ማታ ታጥቦ ደርቆ ማደር አለበት።

የወሎ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ፦
ይሄ ክርክር እኛ ጋ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2016 ደቡብ አፍሪካ ፕሪቶሪያ ውስጥ የሴቶች ትምህርት ቤት ተማሪዎች አፍሮ ፀጉራችሁን አስተካክሉ ሲባሉ ተቃውመው ወጡ፣ የፀጉር ደንቡም ታገደ። የአሜሪካዋ ካሊፎርኒያ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2019 በተፈጥሮ ፀጉር ምክንያት ሰው እንዳይገለል ሕግ አወጣች።

መምህር ከኮምቦልቻ፦
እሱ የዘር ጉዳይ ነው ወንድሜ፣ እዚህ ሁላችንም ጥቁር ነን።

የደሴዋ እናት፦
ታዲያ ሁላችንም ጥቁር ከሆንን ሉጫው ገብቶ ጥቅልሉ ለምን ከበር ይመለሳል? እኔን የገረመኝ እኮ እሱ ነው። ደንቡን የፃፈው ሰው አንድ ዓይነት ፀጉር በአእምሮው ይዞ ነው የፃፈው።
ለማንኛውም ቅዳሜ የወላጅ፣ ተማሪ፣ መምህር ኅብረት ስብሰባ አለ። ይዤ የምገባው ይሄ ነው፦ ፀጉር ንፁህ ይሁን፣ ከፊትና ከዓይን ይያዝ፣ ሹሩባም ትዊስትም በላስቲክ የተያዘ የተፈጥሮ ፀጉርም ይፈቀድ። ቅጥያ፣ ቀለምና ሪላክሰር ለተማሪ አይፈቀድ። ቅማል ወይ ቆረቆር ያለባት ሰው ፊት ሳትዋረድ ለወላጅ ይነገር። የወንዶቹንም የቆቦው ልጅ እንዳለው በዚሁ ደንብ ይታይልን እላለሁ።

የፒያሳዋ ፀጉር ሰሪ፦
ሪላክሰር የሚለው ይስመርበት። ከፈለግሽ እኔም መጥቼ እናገራለሁ፣ ያየሁትን ነው የምናገረው።

መምህር ከኮምቦልቻ፦
በቅጥያውና በኬሚካሉ አብሬሽ ነኝ፣ ለወላጅ ይነገር የሚለውን እኛም ጋ አነሳዋለሁ። በላስቲክ የተያዘው ላይ ግን አልተስማማሁም፣ ከኋላ ያለው ልጅ ሰሌዳ ይታየው የሚል ካልተጨመረበት እቃወማለሁ።

የደሴዋ እናት፦
ዝቅ ተደርጎ አንገት ጋ ይያዝ ብለን እንጨምረው። እሱ አይከብደንም።