ክረምት የሚችል የቆዳ ቡትስ ለሳይት ስራ፣ ቁጥር 38፣ ምን አይቼ ልግዛ?

መረሬ38፦

ሰላም ቤተሰብ እንዴት ናችሁ። ደብረ ብርሃን አካባቢ መንገድ ስራ ላይ ነኝ፣ ሰርቬየር፣ ከጠዋት 2 ሰዓት እስከ ማታ 11 በእግሬ ነው ምውለው። አፈሩ መረሬ ነው፣ ሲዘንብ ሶል ላይ እየተለጠፈ እግር ማንሳት ያቅታል፣ ፀሀይ ስትወጣ ደሞ እንደ ሲሚንቶ ይደርቅበታል። አምና ሰኔ ላይ ሻጩ ኦሪጅናል ሌዘር ነው ብሎ ምሎ ተገዝቶ አንድ ቡትስ ሸጠልኝ፣ ነሐሴ ሳይጋመስ ጣት ሚታጠፍበት ጋ ላዩ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተነሳ፣ ስሩ ግራጫ ፀጉራም ነገር ሆኖ ወጣ፣ ቀጥሎ ሶሉ ከፊት አፉን ከፈተ። ማስቲሽ አስደረኩበት፣ ሳምንት ሳይሞላው ተመልሶ ተከፈተ። አንድ ቀን ውሃ ያቆረ ቦይ ውስጥ ቆሜ ሌቭል እያነበብኩ ካልሲዬ በስብሶ ጣቶቼ አይሰሙኝም ነበር፣ እውነቴን ነው እንባዬ መጣ።

አሁን ግንቦት ነው፣ ክረምቱ ሳይገባ ቢያንስ ሁለት ሶስት አመት ሚበረክት ነገር መግዛት እፈልጋለሁ። 7 ሺ ብር አጠራቅሜያለሁ። ቁጥሬ 38 ነው፣ የስራ ቡትስ ብዙ ጊዜ ከ40 ነው ሚጀምረው፣ ጓደኞቼ ካልሲ ደርቢበት ይሉኛል። እውነተኛ ቆዳ መሆኑን በምን ልወቅ? ሰልባጅ ከስክስ ይሻላል ወይስ አዲስ? ሚኒያፖሊስ ያለው ወንድሜ ደሞ ሚስቱ ገዝታ ሳትለብሰው ቁምሳጥን ውስጥ የቀረ ቡትስ አለ ልላክልሽ ይለኛል፣ አመታት ተቀምጧል። ማታ ስገባ ደሞ ብርዱ ስለማይቻል ከሰል ምድጃው ስር አስጠግቼ ነው ማደርቀው፣ እሱም ልክ ይሁን አይሁን አላውቅም። ምታውቁ ንገሩኝ።

የሞጆው፦

እህቴ ያንቺን ታሪክ ሳነብ ጫማውን ሳላየው አወቅኩት። ሞጆ ካሉት ቆዳ ፋብሪካዎች አንዱ ጋ 9 አመት ሰርቻለሁ። ሻጩ ቆዳ ነው ያለሽ ምናልባት አልዋሸም፣ የትኛው የቆዳ ክፍል እንደሆነ ግን አልነገረሽም። የከብት ቆዳ ወፍራም ስለሆነ ፋብሪካ ውስጥ በማሽን አግድም ይሰነጠቃል፣ የላይኛው ፀጉር የነበረበት ወገን ግሬን ይባላል፣ ቃጫው እርስ በርሱ የተጠላለፈና ጥቅጥቅ ያለ ነው፣ ጥንካሬውም ውሃ መቋቋሙም እዛ ነው ያለው። የታችኛው ስፕሊት ይባላል፣ ቃጫው የላላ ነው፣ እሱ ላይ ፖሊዩሪታን ሚባል ስስ ፕላስቲክ ይለጠፍበትና የቆዳ መልክ ይታተምበታል። አዲስ ሳለ ከግሬኑ በላይ ያምራል፣ ስትራመጂበት ግን ሚታጠፍበት ቦታ ላይ ፕላስቲኩ ይሰነጠቅና ይላጣል፣ ያየሽው ግራጫ ፀጉራም ነገር ስፕሊቱ ነው። ጄኑይን ሌዘር ሚለው ማህተም ሁለቱም ላይ አለ፣ ስለዚህ ማህተሙን አትመኚው።

ሱቅ ስትሄጂ የምላሱን ጫፍ ወይም ያልታጠፈ ጠርዝ ፈልጊና በደንብ እይው፣ ቃጫው ከላይ እስከታች አንድ ሆኖ ከቀጠለ ጥሩ ነው፣ ላዩ ላይ እንደ ስስ ላስቲክ ለብቻው ሚታይ ሽፋን ካለ ተይው። ከዛ በአውራ ጣትሽ ገፋ አርጊው፣ እውነተኛ ግሬን ጥቃቅን መስመር ያወጣና ስትለቂው ይመለሳል፣ የተሸፈነው ዝም ብሎ ይጎደጉዳል። ሰሪው ጋ በቀጥታ ምትገዢ ከሆነ ቁራጭ ለምኚና ክብሪት ጫሪበት፣ የተቃጠለ ፀጉር ከሸተተ ቆዳ ነው፣ እየቀለጠ ከተንጠባጠበ ፕላስቲክ ነው። ጫማውን አሽትተሽ ብቻ ግን አትፍረጂ፣ የቆዳ ሽታ ይቀባል።

አንድ ሰው ማይነግርሽ ነገር፣ ትንሽ ጠባሳ ያለበት ቆዳ አያስፈራሽ። ከብቶቻችን ሜዳ ነው ሚውሉት፣ እሾህ ይቧጭራቸዋል፣ መዥገር ይነክሳቸዋል፣ ባለቤቱ በጋለ ብረት ይተኩሳቸዋል፣ ቤት ሲታረዱ ደሞ ቢላዋ ቆዳውን ይበሳዋል። ፋብሪካው ይሄን ለመሸፈን ላዩን ይፍቀውና ወፍራም ቀለም ይቀባዋል፣ ከዳር እስከ ዳር እንደ መስታወት አንድ አይነት የሆነ ብዙ ጊዜ እንደዛ የተሰራ ነው። የጭረት ምልክት እየታየበት የወጣ ቆዳ ግን ላዩ ያልተፋቀ ነው፣ ለኔ እሱ ይሻላል። የበግ ከሆነ ደሞ ለሳይት አይሆንሽም፣ የደጋ በጋችን ቆዳ ለጓንት አለም ሁሉ ያውቀዋል ስስ ሆኖ ጠንካራ ስለሆነ፣ ለቡትስ ግን የከብት ቆዳ፣ ውፍረቱ 2 ሚሊሜትር አካባቢ ሚሆን ነው ሚፈለገው።

የድሮ ወታደር፦

ልጄ ከሁሉም በፊት ያን ከሰል ከጫማው አርቂ። እኔ 19 አመት ከስክስ ለብሻለሁ፣ ባሌ ጎባ ብርዱ ምን እንደሚመስል ያየው ያውቀዋል፣ አንድ ልጅ አዲስ ከስክሱን እሳት ዳር አስቀምጦ ተኛ፣ ጠዋት እንደ ቋንጣ ደርቆ ተኮማትሮ አገኘው፣ እግሩ አልገባ አለ፣ በግድ ሲያስገባው ጎኑ ተተረተረ። እርጥብ ቆዳ ሙቀት ድንገት ሲመታው ይኮማተራል፣ ውስጡ ያለው ቅባትም ጥሎት ይሄዳል፣ ከዛ በኋላ ምንም ብትቀቢው አይመለስም።

ማታ እንደገባሽ ጭቃውን እርጥብ እያለ በእንጨት ጥረጊው፣ በእርጥብ ጨርቅ አፅጂው፣ መረሬ ቆዳ ላይ ከደረቀ ወዙን መጥጦ ነው ሚወጣው። ክሩን ፍቺ፣ ምላሱን ጎትተሽ አፉን ክፈቺው፣ የውስጥ ንጣፉን አውጪው፣ ጋዜጣ ጨብጠሽ እስከ ጫፉ ጠቅጥቂበትና ከአንድ ሁለት ሰዓት በኋላ የረጠበውን አውጥተሽ በደረቅ ቀይሪው። በጎኑ አጋድሚው ሶሉም አየር እንዲያገኝ። ነፋስ ሚገባበት ቦታ፣ ፀሀይም እሳትም የሌለበት። በአንድ ሌሊት ላይደርቅ ይችላል፣ ለዛ ነው ሁለት ጫማ ሚያስፈልገው፣ ገንዘብ ከተገኘ አንዱን ዛሬ ሌላውን ነገ፣ በየቀኑ ሚለበስ ጫማ ላብ እንኳ ሳይደርቅለት ነው ሚበሰብሰው። ሲደርቅ ብሩሽ፣ ከብሩሽ በኋላ ቀለም። እኛ በክረምት ለጋ ቅቤም እንቀባው ነበር፣ ይለሰልሳል ውሃም አያስገባም።

የሞጆው፦

ጋሼ ያሉት በሙሉ ልክ ነው፣ ቅቤው ላይ ብቻ ይቅርታ አድርጉልኝና ልጨምር። ቅቤም የምግብ ዘይትም መጀመሪያ ያለሰልሳል ግን ቆዳው ውስጥ ሆኖ ይበላሻል፣ ይሸታል፣ ሻጋታና አይጥ ይጠራል። ፋብሪካ ውስጥ ቆዳ በክሮም ከለፋ በኋላ ትልቅ በርሜል ውስጥ እየተሽከረከረ ቅባት ይጠጣል፣ ለስላሳ ሚያረገው እሱ ነው፣ እኛ ስንንከባከበው ምንሰራው በዝናብና በሳሙና የወጣውን መልሰን ማጠጣት ነው። የጫማ ቅባት የንብ ሰም ያለበት ከተገኘ በጣም ጥሩ፣ ካልተገኘ በቆርቆሮ ሚሸጠው ድፍን ቀለም ይበቃል እሱም ሰም አለው። በትንሹ በጨርቅ፣ ስፌቱ ላይና ሶሉ ሚገናኝበት ላይ ትንሽ በዛ አርጎ፣ አንድ ሌሊት አሳድሮ ብሩሽ። ለሳይት በወር ሁለቴ ከበቂ በላይ ነው፣ ብዙ ቅባት ደሞ ቆዳውን አላልቶ ቅርፁን ያጠፋዋል። ስፖንጅ ያለው ፈሳሽ ቀለም ግን አትልመጂ፣ ላዩ ላይ ሽፋን ሰርቶ ለአንድ ሰርግ ያብረቀርቃል እንጂ ቆዳውን አያጠጣውም፣ እየተደራረበ ይሰነጠቃል። ሊስትሮ ጋ ስትቀመጪም በዱቄት ሳሙና እንዳያጥበው ንገሪው፣ በእርጥብ ጨርቅ ብቻ በይው፣ ልጆቹ ክፋት የላቸውም ፅዱ እንዲሆን ብለው ነው፣ ግን ያ አረፋ ቅባቱን ጠርጎ ይወስደዋል።

በረዶ_ሀገር፦

እኔም ሚኒሶታ ነኝ፣ ስለ ወንድምሽ ጫማ ልንገርሽ ምክንያቱም እኔ ራሴ ለእናቴ ልኬ አፍሬያለሁ። አምስት አመት ምናምን ካርቶኑ ውስጥ የተቀመጠ ያልተለበሰ ቡትስ ነበር፣ እናቴ ቤተክርስትያን ለብሳው ሄዳ ስትመለስ ሶሉ መንገድ ላይ እንደ ደረቅ ዳቦ ተፈርፍሮ ቀረ፣ በባዶ እግሯ ልትሆን ነበር። ያኔ ሻጩን ነበር የወቀስኩት፣ በኋላ ነው የገባኝ። ብዙ ቡትስ ሶሉ ወይም የሶሉ መሀል ፖሊዩሪታን ነው፣ ቀላልና ምቹ ነው ግን ከአየሩ እርጥበት ጋር ቀስ እያለ ይፈርሳል፣ ለበስሽውም አልለበስሽውም ስራው አይቆምም። ላዩ ቆዳው አዲስ መስሎ ሶሉ አልቆለት ሊሆን ይችላል። ወንድምሽ ሶሉን በጥፍሩ ይጫነው፣ ከጎደጎደና ካልተመለሰ ወይም ከተጣበቀበት ወይም ፍርፋሪ ካወጣ የመላኪያውን ገንዘብ ይላክልሽ። ጎማ ሶል ከሆነ እንደዛ አይፈርስም።

ለአዲስም ቢሆን ይሄ ይጠቅምሻል፣ ሴፍቲ ጫማ የአውሮፓ ደረጃውን ያሟላ ከሆነ ምላሱ ላይ ወይም ውስጡ የተሰራበት ጊዜ ይታተምበታል፣ እይው። ኤስ3 ሚል ካለበት ላዩ ውሃ ሚቋቋም፣ ከስር ሚስማር ማያሳልፍ፣ ሶሉ ጥርስ ያለው ማለት ነው፣ አፍንጫውም በብረት ወይም በሌላ ጠንካራ ነገር የተጠናከረ ነው፣ መንገድ ስራ ላይ እሱን ፈልጊ። እዚህ ደሞ የኛ ችግር ጨው ነው፣ በረዶ እንዲቀልጥ መንገዱ ላይ ይበትኑታል፣ ቆዳው ላይ ነጭ መስመር ሰርቶ ይቀራል፣ እኔ ውሃና አቼቶ እኩል ቀላቅዬ በጨርቅ እጠርገዋለሁ ከዛ በንፁህ ውሃ ጨርቅ፣ ሲደርቅ ቅባት። እዚህ ያላችሁ ሞክሩት።

ወስፌና ክር፦

አዲስ አበባ ጫማ ሰፊ ነኝ ከ15 አመቴ ጀምሮ። ቆዳውን ሁሉም ነገራችሁ፣ ከኔ ጋ ግን ሰው ሚመጣው ብዙ ጊዜ ቆዳው ሳያልቅ ሶሉ ለቆ ነው። ሶል ሚያያዘው በማስቲሽ ብቻ ነው ወይስ በስፌት ነው ብለሽ ጠይቂ፣ ጠይቀሽም አትመኚ። ሶሉ ዙሪያ ላይ ክር ስላየሽ ተሰፍቷል ማለት አይደለም፣ ለጌጥ ብቻ ሶሉ ጠርዝ ላይ ሚሰፋ አለ። የውስጥ ንጣፉን አንሺው ወይም ሶሉን ገልብጪው፣ ክሩ ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው ካላለፈ ጌጥ ነው። በጣም ጥሩው ከቆዳው ዙሪያ ለብቻው ቀጭን የቆዳ ጠርዝ ተሰፍቶ ሶሉ እሱ ላይ ሚሰፋው ነው፣ ሲያልቅ ሶሉን ፈትቼ ሌላ እሰፋልሻለሁ፣ ላዩን ሳልነካ። ሴፍቲ ጫማ ግን ብዙ ጊዜ ሶሉ በፈሳሽ መልክ እላዩ ላይ ነው ሚፈሰው፣ እሱ ካለቀ ብዙ ማደርገው ነገር የለም፣ እውነቱን ልንገርሽ።

በማስቲሽ የተያዘ አዲስ ቡትስ ከገዛሽ ጭቃ ሳይነካው አሰፊው። አፉን ከከፈተ በኋላ ሚመጣልኝ ውስጡ አሸዋና ውሃ ገብቶበት ነው፣ አጥበን አድርቀን ፍቀን ካልለጠፍነው ያንቺ እንደሆነው በሳምንት ይለቃል። ስታሰፊ ሰፊው በወስፌ ሶሉ ላይ ቦይ ይቅደድለትና ክሩ እዛ ውስጥ ይተኛ፣ ካልሆነ ድንጋይ ክሩን ይበላዋል። የናይለን ክር በሰም ተስቦ። ቀዳዳው ውሃ ያስገባል ሚሉ አሉ፣ ልክ ናቸው ሰም ካልተደረገ።

ቁጥሩን በተመለከተ 40 ገዝተሽ ካልሲ አትደርቢ። ጫማው ሚታጠፍበት ቦታና እግርሽ ሚታጠፍበት ቦታ ስለማይገናኝ ጣትሽ ላይ ቆዳው ያለቦታው ይሰበራል፣ ተረከዝሽ ወደላይ ወደታች እያለ ይላጣል። የወንድ ልጆች ቁጥር 38 ፈልጊ ወይም ልክሽን ወስደው ሚሰሩ ጋ ሂጂ፣ መርካቶም ሌላም ቦታ አሉ። ማታ ላይ ሞክሪው እግር ያኔ ያብጣል፣ ምትለብሺውን ወፍራም ካልሲ አርገሽ። አፍንጫው ብረት ከሆነ ፊቱ አይለጠጥም፣ ይሰፋልሻል ቢሉሽ አትስሚ። ሰልባጅ ከስክስ ቆዳው ብዙ ጊዜ ጎበዝ ነው፣ ሶሉን ግን በረዶ ሀገር እንዳለው ተጭነሽ እይ፣ የሌላ ሰው እግር ቅርፅ የያዘም አለ፣ ውስጡ ባዶ እግርሽን አስገብተሽ ጎድጓዳ ከተሰማሽ ተይው።

መረሬ38፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁም፣ ጋሼ እርስዎን በተለይ፣ ከሰሉን ዛሬ ማታ አርቄያለሁ። ወንድሜ ደውዬለት ሶሉን ተጫነው፣ ጥፍሩ ገብቶ ቀረ፣ ነጭ ዱቄት ነገርም ወጣው፣ ስለዚህ አይልክም።

ትናንት ቅዳሜ አዲስ አበባ መጥቼ ማታ 11 ሰዓት ላይ ሶስት ሰሪ ጋ ዞርኩ። ሁለተኛው ጋ የምላሱን ጠርዝ ሳይ እንዳላችሁት ላስቲኩ ተለይቶ ታየኝ፣ ቁራጭ ስጠኝ ስለው ተቆጣ ወጣሁ። ሶስተኛው ራሱ መቀስ አንስቶ ቆርጦ ሰጠኝ፣ ክብሪት ጫርኩበት፣ የተቃጠለ ፀጉር ሽታ። ቆዳው ላይ ጎኑ ጋ የእሾህ ጭረት አለው፣ ሊደብቀው ፈልጎ ሌላ አሳየኝ እኔ ግን ያንን ነው ያልኩት። ልኬን ወረቀት ላይ አስምሮ ወሰደ፣ የጎማ ሶል፣ ጠርዙ ተሰፍቶ፣ የብረት አፍንጫ ያስገባልኛል፣ 6,500 ተስማማን ግማሹን ከፈልኩ። ሚስማር ሚከላከለውን ንጣፍ ግን አላገኘሁም፣ ወስፌና ክር እሱን ለብቻው ሚሸጡ አሉ እንዴ? ከተገኘ አሁን ሳይሰፋው እንዲጨምረው፣ እሮብ ነው ሚጀምረው።

ወስፌና ክር፦

አለ፣ ስስ የብረት ንጣፍ ነው፣ የሴፍቲ እቃ ሚሸጡ ሱቆች ጠይቂ። በልክሽ 38 በይ፣ በመቀስ እንዳይቆርጡት፣ ጠርዙ ሹል ሆኖ ቆዳውን ከውስጥ ይበላዋል። ሶሉ ከመሰፋቱ በፊት ከውስጥ ንጣፉ ስር ይግባ። ሚያደርስልሽ ካጣሽ ሰኞ ገዝተሽ እኔ ጋ ተይው፣ ለሰሪው አድርሼ አሳየዋለሁ።