በመሬት መንቀጥቀጥ ልስኑ የለቀቀ ባለሥዕል የጭቃ ግድግዳ እንዴት ይጠገናል?

ሰላም ወገኖች፣ ጅማ ያለው የሰፈራችን የሥዕል ማኅበር ቤት የጭቃ ነው። ቋሚና ማገሩ መንቀጥቀጡን ችሎታል፤ ምርጊቱ (የጭቃ ልስኑ) ግን 4 ሚሊ ሜትር ስፋት ተሰንጥቋል። ዙሪያውን በጣት ሲያንኳኩት እንደ ባዶ እንስራ ይጮኻል፤ ልስኑ ከማገሩ ለቋል ማለት ነው። 1 ለ 3 በሆነ ሲሚንቶና አሸዋ ደፈንነው፤ በሁለት ሳምንት ጠርዙን ይዞ ወደቀ። ጭቃ ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ሲሚንቶ አብሮት አይንቀሳቀስም። ስለዚህ ስንጥቁን አርሰን፣ ከጤፍ ጭድ ጋር ለሳምንት የቦካ ጭቃ በስሱ፣ በስሱ ልንሞላ ነው።

የጨነቀን ከሥዕሉ ጀርባ ያለው ክፍተት ነው። ቀጭን የኖራ ሊጥ በሲሪንጅ ቢገባበት ይይዛል? ቀለሙ አክሪሊክ (ሲደርቅ እንደ ፕላስቲክ የሚሆን) ስለሆነ እርጥበቱን አፍኖ እንዳይላጥ ፈርተናል። የሞከራችሁ፣ ክረምቱ ሳይገባ የኖራውንና የውሃውን መጠን ንገሩን፤ የሰፈሩ ልጆች የሳሉት ነው፣ እንዲፈርስ አንፈልግም።